ማሽኑ ያላየው ፈረስ

ሌባ ነሽ ያለኝ ማሽን ነው። ሰው ቢሆን ኖሮ መልስ አላጣለትም ነበር፤ የኔ አፍ እንደሆነ ከተፈታ ጀምሮ አርፎ አያውቅም። ማሽንን ግን ምን ይሉታል? አይሰማ፣ አያፍር፣ ዘር ማንዘሩ አይጠራ!

ነገሩ እኔ ላይ ብቻ ቢቀር፣ «እንጀራዬ እዚያ አልነበረም» ብዬ ሱቄ ውስጥ ቁጭ እል ነበር። ያስጨነቁኝ አባቴ ናቸው። አባቴ እንጅባራ አጠገብ፣ ጥርባ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ ከእርሻቸው ይልቅ ግን የሚታወቁት በሽምግልናቸው ነው። ወንድማማቾች በድንበር ሲጣሉ፣ ባልና ሚስት ሲኳረፉ፣ የአንዱ ከብት የሌላውን እህል ሲበላ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። «እሳቸው ፊት ውሸት አይቆምም» ይባልላቸዋል። ፊደል አልቆጠሩም፤ ሰው ሲናገር ግን ዓይን ዓይኑን እያዩ ያዳምጡና ይፈርዳሉ። ራሳቸው አንድ ቀን እንኳ ምለው አያውቁም፤ ቃላቸው ብቻውን ይበቃ ነበር። የእንዲህ ያለ ሰው ልጅ በማሽን ውሸታም ተብላ አገሯ ስትገባ፣ የሚያፍረው እሷ ብቻ አይደለችም፤ የአባቷም ዓይን አብሮ ይጠረጠራል።

እኔ የምኖረው ዳንግላ ነው። ከመናኸሪያው ፈንጠር ብሎ ፎቶ ኮፒ የማነሣበት፣ ማመልከቻ የምጽፍበት፣ ጉርድ ፎቶ የማወጣበት ባለ አንድ በር ሱቅ አለኝ። ኮምፒውተር ተምሬ ተመርቄ ነው እዚያ የተቀመጥኩት፤ ምን ይደረግ፣ ምሩቅ ከድንች በበዛበት አገር! የሥራ ማስታወቂያ ሲወጣ ከሁሉ በፊት የምሰማው እኔ ነኝ፤ ከተማው በሙሉ ማስረጃውን ኮፒ ለማስደረግ እኔ ዘንድ ይሰለፋላ። አንድ ሰሞን፣ ፖሊስ የጣት አሻራ መዝገብ ላይ የሚሠሩ፣ ኮምፒውተር የሚችሉ ሰዎችን ይፈልጋል የሚል ማስታወቂያ ወጣ። የሰው ማመልከቻ ስጽፍ ስጽፍ ዋልኩና በመጨረሻ የራሴንም ጻፍኩ።

የጽሑፍ ፈተናውን አለፍኩ። ሩጫውንም አለፍኩ፤ በባሕር ዳር ሙቀት ሌላው ምላሱን አውጥቶ ሲያለከልክ፣ የእንጅባራ ዳገት ያሳደገው ሳንባ እንዲህ ነው ብዬ ጥያቸው ሄድኩ። የጤና ምርመራውንም አለፍኩ። «አበቃ፤ የቀረኝ ደንብ ልብሱ ብቻ ነው» ብዬ ለአባቴ ደወልኩ። አባቴ ማታ ማታ ከብቶቹን ካስገቡ በኋላ ኔትዎርክ ያለበት ጉብታ ላይ ይወጣሉ፤ እዚያ ሆነው የሚናገሩት ደግሞ ለጎረቤቱ ሁሉ ይሰማል። «ልጄ ፖሊስ ልትሆን ነው!» ብለው ጮኹ። በማግሥቱ ያልሰማ አልነበረም።

ለካስ አንድ ፈተና ቀርቶ ኖሯል።

የውሸት መመርመሪያ ነው አሉን። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ ላፕቶፕ። መርማሪው ትሑት ሰው ነው፤ ከአፉ «እህቴ» አይጠፋም። ደረቴንና ሆዴን ቱቦ በሚመስል ቀበቶ አሰረኝ፤ ክንዴ ላይ የደም ግፊት መለኪያ ጠቀለለ፤ ሁለት ጣቶቼን በሆነ ነገር ቆነጠጣቸው። ለገበያ የተጫነች በቅሎ መሰልኩ።

«ይህ ትንፋሽሽን፣ ይህ የልብ ምትሽን፣ ይህ ላብሽን ያነባል» አለኝ።

«ውሸቱንስ የሚያነበው የትኛው ነው?»

ፈገግ አለ። «ሦስቱም አንድ ላይ» አለኝ።

ትንፋሽና የልብ ምትና ላብ አንድ ላይ ሲሆኑ ውሸት ከሆኑማ፣ ዳገት የወጣ ሰው ሁሉ ውሸታም ነው አልኩ። በልቤ ነው ያልኩት፤ ሥራውን እፈልገው ነበራ!

ጥያቄዎቹን አስቀድሞ በሙሉ አነበበልኝ። «አዎ» ወይም «አይ» ብቻ ብለሽ መልሺ አለኝና ጀመርን።

«የተወለድሽው አዊ ዞን ነው?»

«ህእ» አልኩ፣ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ስቤ።

ላፕቶፑን አየና ቅንድቡን አነሣ። «እህቴ፣ ትንፋሽ አትሳቢ። በአፍሽ አዎ በዪ።»

«እሺ።»

«ዛሬ ቁርስ በልተሻል?»

«ህእ።»

ታዲያ ምን ላድርግ! እኛ አገር አዎ የሚባለው እንዲህ ነው። እናቴም፣ የእናቴም እናት፣ ቄሱም ሳይቀሩ ትንፋሻቸውን ሽቅብ እየሳቡ ነው አዎ የሚሉት። አፍ ሞልቶ «አዎ» ማለትማ ለተቆጣ ሰው ነው፣ ወይም ለፍርድ ቤት። ደረቴ ላይ የታሰረው ቀበቶ ግን አገሩን አያውቅም፤ ትንፋሽ በሳብኩ ቁጥር መስመሩ ጣራ ሊነካ ይዘላል። መርማሪው ለሦስተኛ ጊዜ ሊገሥጸኝ አፉን ሲከፍት ስልኩ ጠራ፤ ሚስቱ መሰለችኝ። «ህእ... ህእ... ህእ» እያለ አዳመጣትና ዘጋው። ተያየን። እሱም ቀድሞኝ በሳቅ ፈነዳ።

«በይ እንደገና እንጀምር» አለ፣ ዓይኑን እየጠረገ።

እንደ ምንም ብዬ አዎን በአፌ ማውጣት ለመድኩ። ጥያቄዎቹ ጠጠር እያሉ መጡ።

«የሰው ንብረት ሰርቀሽ ታውቂያለሽ?»

እንደሚጠይቀኝ አውቄ ነበር። ሲጠይቀኝ ግን ደሜ ፈላ። ጎረቤት ማሳ ዳር የወደቀ እሸት እንኳ እንዳናነሣ አድርገው ያሳደጉን አባት ልጅ ነኝ፤ እኔ ነኝ ሌባ? ጆሮዬ ጋለ፣ መዳፌ ራሰ። «አይ!» ያልኩት ጠረጴዛውን በቡጢ የምመታ ያህል ነው። እውነቴን ነበር፤ የማንንም መርፌ አንሥቼ አላውቅም።

ቀጠለ። «አንቺ ያጠፋሽው ጥፋት በሌላ ሰው ላይ ሲላከክ ዝም ብለሽ ታውቂያለሽ?»

«አይ።»

ልስልስ ብሎ ወጣ። ልቤ አልዘለለም፣ መዳፌ አልራሰም። ይኸኛው ውሸት ነበር።

አሥራ ሁለት ዓመቴ ሳለ ነው። በጥር ጊዮርጊስ ወንዱ ሁሉ ፈረሱን ሸልሞ ሲጋልብ፣ እኛ ሴቶቹ ዳር ቆመን እልል እንላለን። እኔ እልልታው አልበቃ አለኝ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሰው በሌለበት፣ የጎረቤታችንን ዳማ ፈረስ ከመስኩ ፈትቼ ጉብ አልኩበት። ያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ዛሬም አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ረግረጉ ዳር ስንደርስ የፊት እግሩ ጉድጓድ ገባ። ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማውን ድምፅ ሰማሁ። ፈረሱን በሦስት እግሩ እንደቆመ ትቼው ሮጥኩ፤ ቤት ገብቼ ድንች መላጥ ጀመርኩ። ፈረሱ አልተረፈም።

ጥፋቱ የወደቀው በአንድ የሰፈራችን ወጣት ላይ ነው። ያኔ አሥራ ስምንት ቢሆነው ነው፤ በአካባቢው እንደ እሱ የሚጋልብ አልነበረም። ያን ዳማ ለጥር እንዲያውሰው ባለቤቱን ለምኖ ተከልክሏል፤ ስለዚህ «በእልህ ሰርቆ ጋልቦት ነው» ተባለ። ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ ዋናው አባቴ ነበሩ። ወጣቱ «ጊዮርጊስን! አልነካሁትም» ብሎ ማለ። ሲምል ድምፁ ይንቀጠቀጥ፣ ዓይኑ ይርገበገብ ነበር። አባቴ ዓይን ዓይኑን አዩትና ፈረዱ፦ እውነቱን እስኪናገር ድረስ በጥር ጊዮርጊስ ፈረስ እንዳይጫን፣ ማንም እንዳያውሰው። እሱም ያልሠራሁትን ሠራሁ አልልም አለ። ሁለት ጥር ከእኛ ከሴቶቹ ጋር ዳር ቆሞ አየ፤ ሦስተኛውን ሳይጠብቅ አገሩን ለቆ ዳንግላ ገባ። ዛሬ ባለ ጋሪ ነው።

እኔ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ወደ ሱቄ የምሄደው በእሱ ጋሪ ነው። ባጃጅ እንደ ጉድ ሞልቶ! ለምን እንደሆነ ራሴን ጠይቄ አላውቅም። «የአገሬ ልጅ፣ ነይ ውጪ» ይለኛል፤ እህትዓለም ይለኛል። ስለ ጥርባ ይጠይቀኛል፤ ዝናቡን፣ ገብሱን፣ ማን እንዳገባ፣ ማን እንደሞተ። ስለ ጥር ግልቢያ ግን አንድ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም።

እንግዲህ ማሽኑ ያላየው ይህን ነው። ትናንት የተወለደ ውሸት ቢሆን ይይዘኝ ይሆናል። ይህ ግን አሥራ አራት ዓመት አብሮኝ የበላ የጠጣ ነው፤ ቤተኛ ሆኗል፣ ሲጠሩት አይደነግጥም።

ከሳምንት በኋላ ውጤት ተለጠፈ። ስሜ የለም። ገብቼ ስጠይቅ አንዱ ሠራተኛ ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አደረገና «ስርቆት የሚለው ላይ ውሸት አሳይቷል» አለኝ።

«ሌላውስ?»

«ሌላው ንጹሕ ነው።»

የዳኛ ያለህ! እውነቴ ውሸት፣ ውሸቴ ንጹሕ! ይግባኝ የት ነው የሚባለው ብዬ ብጠይቀው ሰውዬው ትከሻውን ሰበቀ። ከባሕር ዳር እስከ ዳንግላ ሚኒባሱ ውስጥ ብቻዬን እየሳቅኩ መጣሁ፤ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ሁለት ጊዜ አማተቡብኝ።

መጥቼ ዝም ብል ምን ነበረበት? አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። በማግሥቱ ሱቁ በደንበኛ ሲሞላ፣ መርማሪው በስልክ «ህእ ህእ» ያለውን አስመስዬ እየሠራሁ አሳቅኳቸው። ወሬው ጣፈጠኝና «ሌባ አለኝ እኮ!» ብዬ ጨመርኩበት። የፈረሱን ነገር አላነሣሁም። ክርክር ተነሣ። አንዱ «እንዲህ ያለ ማሽንማ ለነጋዴው ነው የሚያስፈልገው» አለ። አንዷ «ለባሌ ለአንድ ቀን ቢያውሱኝ» አለች። አንድ አስተማሪ ደግሞ የተማሪዎቹን የፈተና ወረቀት ኮፒ እያስደረገ፣ «እኔ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ሳስወጣቸው በላብ የሚጠመቁት ጎበዞቹ ናቸው። ያላጠናው ምን ጨነቀው! ፍርሃትንና ውሸትን የሚለይ ማሽን ገና አልተሠራም» አለ። ልስመው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ግን ወሬ እግር አለው። እንጅባራ ሲደርስ ፖሊስ በማሽን መርምሮ ሌብነቴን አረጋግጧል። አዲስ ቅዳም ሲደርስ ባንክ ዘርፌያለሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ እኔ ከሁሉ በኋላ ነው የሰማሁት። የማውቃቸው ደንበኞች ሳይቀሩ መታወቂያቸውን ኮፒ ሳደርግላቸው ዓይናቸውን ከእጄ ላይ አይነቅሉም ጀመር። ምን ልሰርቃቸው ነው፣ ስማቸውን?

ባለ ጋሪው ግን ጠዋት ሲያገኘኝ ከት ብሎ ሳቀ።

«ማሽን ብሎ ነገር!» አለ፣ ልጓሙን ሳብ አድርጎ። «ይህ ፈረስ ጭነት ሲበዛበት ላብ በላብ ይሆናል፤ ምን ዋሽቶ ነው?»

ሳቅኩ።

«አይዞሽ እህትዓለም። እኔም አንድ ጊዜ እውነት ተናግሬ ያመነኝ የለም። ሞትኩ? ይኸው አለሁ።»

«እዚህ ላይ አውርደኝ» አልኩት።

«ሱቅሽ ገና ነው እኮ!»

«አውርደኝ አልኩህ!» ብዬ ጮኽኩበት። ደንግጦ አቆመ። የቀረውን መንገድ አቧራውን እየረገጥኩ በእግሬ ሄድኩ፤ ራሴን ልመታው ነበር የቃጣኝ። ምን አደረገኝና ነው የምጮኽበት?

በዚያው ሳምንት አባቴ ደወሉ። ጉብታው ላይ ነፋሱ ያፏጫል። ጎረቤት እንዳይሰማ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገዋል፤ አባቴ ስልክ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አያውቁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ወንድማማቾች በድንበር ተጣልተው አባቴ ሊዳኙ ተቀምጠዋል። ነገሩ ወዴት እንደሚያዘነብል የገባው አንደኛው ወንድም ተነሣና፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ «አባት፣ መጀመሪያ የቤትዎን ሌባ ይዳኙ። የልጅዎን ውሸት ያላወቁ የኛን በምን ያውቃሉ?» አላቸው።

«ምን አሉት?» አልኩ።

«ምን እላለሁ። እሁድ ቅዳሴ ሲወጣ፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ ልጄ ሰርቃም ዋሽታም አታውቅም ብዬ እምላለሁ አልኩት። ከዚያ ወዲያ ድንበራችሁን እዳኛለሁ አልኩት።»

«አባዬ፣ እርስዎ ሊምሉ?»

«ለልጄ ካልማልኩ ለማን እምላለሁ? አንቺም መጥተሽ አጠገቤ ትቆሚያለሽ።»

ስልኩ ተዘጋ። ወንበሬ ላይ ቁጭ አልኩ። ሰርቃ አታውቅም ብለው ቢምሉ እሰየው፤ ማሽኑ ያፍር እንጂ እውነት ነው። ዋሽታ አታውቅም የሚለው ነው የገደለኝ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ሳይምሉ የኖሩ ሰው፣ የመጀመሪያ መሐላቸው የሐሰት ሊሆን ነው፤ ያውም በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ ያውም በእኔ። ከእኔ በቀር ደግሞ የሚያውቅ የለም። ዝም ካልኩ ይምላሉ፣ ይታመናሉ፣ ስማቸውም እንደተከበረ ይቀራል። ከተናገርኩ ግን የዚያን ቀን ፍርዳቸው ስሕተት እንደነበር አገር ይሰማል። ሁለት ቀን አሰብኩበት። ማመልከቻ የሚያጽፈኝ ሰው መጥቶ የእናቱን ስም አባቱ ቦታ ጽፌ ሰደድኩት።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በሚኒባስ እንጅባራ፣ ከዚያ በባጃጅ ጥርባ ገባሁ። ኅዳር ነበር፤ ገብሱ ሊታጨድ ደርሷል። አባቴ ደጅ ተቀምጠው ለአጥር ቀርከሃ ይሰነጥቃሉ። ጉልበታቸውን ስሜ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ስለ መንገዱ ጠየቁኝ። ልቤ ከደረቴ ልትወጣ ነው። ያ ማሽን ያን ሰዓት ቢታሰርልኝ ይፈነዳ ነበር።

«አባዬ፣ ነገ አይማሉ።»

«ለምን?»

«ዋሽቻለሁ።»

ቢላቸው ቀርከሃው ላይ ቆመ። «ሰርቀሻል?»

«አልሰረቅኩም። ያን ዳማ ፈረስ የሰበርኩት እኔ ነኝ።»

የቱ ዳማ ብለው አልጠየቁኝም። በአገራችን ስንት ዳማ ፈረስ አለ፤ እሳቸው ግን ወዲያው አወቁት። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ረግረጉን፣ ድምፁን፣ ድንቹን። እያለቀስኩ ነበር፤ የማለቅሰው ግን ለራሴ እንደሆነ ይገባኝ ነበርና ለቅሶዬም አናደደኝ። ስጨርስ ቢላቸውን መሬት ላይ አኖሩ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ።

«እሱ ሲምል የት ነበርሽ?»

«ከእማዬ ኋላ ቆሜ ነበር።»

«ሰምተሽዋል?»

«ሰምቼዋለሁ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ ዓይኑን አይቼ ነው የፈረድኩበት» አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለቀርከሃው የሚናገሩ ይመስል። «ይርገበገብ ነበር። ውሸታም ነው አልኩ። ለካ የፈራው እኔን ኖሯል።» መጮኽ ነበረባቸው፤ በዱላ ቢሉኝ በወደድኩ። አልጮኹም። ተነሥተው የባለ ጋሪውን ቁጥር ከእኔ ተቀበሉና ወደ ጉብታው ወጡ። ከታች ሆኜ ድምፃቸውን እሰማለሁ። «ነገ ቅዳሴ ሳይወጣ ድረስልኝ። አደራ። ... የለም፣ በስልክ አይሆንም።»

እሁድ ቅዳሴ እንደወጣ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ከዛፉ ሥር ተሰበሰበ። ከወትሮው በዝቷል፤ የአባቴን መሐላ ለመስማት ከአዲስ ቅዳም ድረስ የመጣ ሳይኖር አይቀርም። ያ የድንበር ባለጉዳይ ፊት ለፊት ተቀምጦ ጆሮውን አቁሟል። ባለ ጋሪው ንጹሕ ጋቢ ለብሶ ዳር ቆሟል፤ ለምን እንደተጠራ ገና አያውቅም። ሲያየኝ እጁን አወዛወዘልኝ። ሰላምታውን መመለስ አቃተኝ።

አባቴ ተነሡ። በአገውኛ ነው የተናገሩት። «ልምል ብዬ ነበር። አልምልም» አሉ። «ልጄ ሰርቃ አታውቅም። ዋሽታ ግን ታውቃለች። የእሷን ውሸት እውነት ብዬ፣ የዚህን ሰው እውነት ውሸት ብዬ የፈረድኩት እኔ ነኝ።» በእጃቸው ባለ ጋሪውን አሳዩ። ከዚያ የፈረሱን ነገር ከነጓዙ ተናገሩት፤ አላሳጠሩልኝም፣ አላሳመሩልኝም።

«ጉድ! ጉድ!» የሚል ጉርምርምታ ተነሣ። የድንበሩ ሰውዬ የሚገባበት ጠፍቶት መሬት መሬቱን ያያል። ባለ ጋሪውን ለማየት ድፍረቱ አልነበረኝም። እኛ ዘንድ በደለኛ ይቅርታ ሲለምን ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ይቀርባል፤ ተበዳዩ ከማረው ድንጋዩን ያወርድለታል። የእኔን አንሥቼ ተሸከምኩ። ቀና ስል አባቴም ጎንበስ ብለው ከእኔ የሚበልጥ ድንጋይ ያነሣሉ።

«አባዬ ይተዉ፣ ወገብዎን!»

«ዝም በዪ። የፈረድኩት እኔ ነኝ።»

ጎን ለጎን ሄደን ፊቱ አጎነበስን። ባለ ጋሪው ፈጥኖ የአባቴን ድንጋይ በሁለት እጁ አወረደ። ጉልበታቸውን ሊስም ሲል አቅፈው አነሡት። ሁለቱም ሲያለቅሱ ይሰማኛል።

«እግዜር ይቅር ይበልዎ። እርስዎ የመሰለዎትን ነው የፈረዱት» አላቸው። ክንዳቸውን ደግፎ ከዛፉ ሥር አስቀመጣቸው። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰ። አንገቴ ሊቆረጥ ደርሷል፤ የሚታየኝ ጫማው ብቻ ነው።

«ስንት ጊዜ ጋሪዬ ላይ ወጣሽ?» አለኝ።

«በየቀኑ።»

«በየቀኑ» ብሎ ደገመው። ድምፁ ውስጥ ቁጣ ብፈልግ አጣሁ፤ ቁጣ ቢኖርበት በቀለለኝ። እጁን እስኪዘረጋልኝ ጠበቅኩ። አልዘረጋም።

«አንቺ ትንሽ ቆዪ» አለኝና ሄዶ ከአባቴ ጎን ተቀመጠ።

ሰው ሁሉ ያየኛል። ስንቱን ያስታረቁት አባቴ ስለ እኔ አንድ ቃል አልተናገሩም። ልክ ነበሩ። ቆምኩ።